«ግን» ብላ ጠፋች

በዚህ ዕትም የምንመልሰው ከሐዋሳ ለደረሰን ደብዳቤ ነው። ጸሐፊዋ ዕድሜያቸውን በመንግሥት መሥሪያ ቤት በታይፒስትነትና በጸሐፊነት አሳልፈው በቅርቡ ጡረታ የወጡ እናት ናቸው። ደብዳቤው ረዘም ያለ በመሆኑ ፍሬ ነገሩን በራሳቸው አነጋገር አሳጥረን አቅርበነዋል።

«ትልቋ ልጄ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚባል ከተማ ትኖራለች። የምንገናኘው በቴሌግራም ነው። ስትጽፍልኝ በላቲን ፊደል ነው፤ እሱንም ቢሆን አሟልታ አትጽፈውም። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ታናሽ ወንድሟ አጠገቤ ቁጭ ብሎ አስተማረኝና ‹ኤስ ኤል ኤም› ማለት ‹ሰላም›፣ ‹ኤን ደብልዩ› ማለት ‹ነው›፣ ‹ጂ ኤን› ማለት ደግሞ ‹ግን› መሆኑን አወቅሁ። በቅርቡ አሞኛል ብላ ስለነበር እንዴት ሆንሽ ብዬ ጠየቅኋት። ‹ደህና ነኝ ማዘር፣ አታስቢ› አለችና ከሥሩ ‹ጂ ኤን› ብላ ጻፈች። ‹ግን› ብላ የምታስከትለውን ብጠብቅ ብጠብቅ የለም። ‹ግን ምን?› ብዬ ጻፍኩላት፤ መልስ የለም። ብደውል አታነሳም። ስንት ክፉ ነገር ሳስብ ምሳ እንኳ ሳልቀምስ ዋልኩ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ የሰው ራስ ቅል ሥዕል ሦስት ጊዜ ደርድራ ‹ሞትኩ› ብላ ላከችልኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ። ደህንነቷን ካረጋገጥኩ በኋላ ተናድጄ ረጅም ምክር ብጽፍላት የመለሰችልኝ ‹ኬ› የምትባለዋን አንዲት ፊደል ብቻ ነው። ይኸው ከዚያ ወዲህ ተኳርፈናል። እንዲህ ያለውን አጻጻፍ ልከልክላት ወይስ በዚህ ዕድሜዬ እኔ ልማረው? ትንሹም በእንግሊዝኛ ደብተሩ ላይ ‹አንተ› ለማለት ‹ዩ› የምትለዋን ፊደል ብቻዋን እየጻፈ መምህሩ በቀይ ያሰምርበታል። ደግሞስ ‹ማዘር› ምንድን ነው? ‹እማዬ› የሚለው ምን በደላት?»

የተከበሩ እናታችን፣

ከሁሉ አስቀድሜ ልብዎን ላሳርፍ። ልጅዎ አቋርጣ የተወችው ወሬ የለም። «ጂ ኤን» ብላ የጻፈችው «ግን» ለማለት ሳይሆን «ደህና እደሪ» ለማለት ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ጉድ ናይት» የሚሉትን ሁለት ቃል ከየመነሻው አንድ አንድ ፊደል ወስደው በዚያው ያሳጥሩታል። ትንሹ ልጅዎም አላሳሳተዎትም፤ አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፉ ወጣቶች «ግን»ን የሚጽፉት በእነዚሁ ሁለት ፊደላት ነው፤ ሁለት ቋንቋዎች በአንድ አጻጻፍ ተገናኙና እርስዎ መካከል ላይ ተገኙ እንጂ። በዚያ ላይ «ደህና እደሪ» ሊሆን ይችላል ብለው የሚጠረጥሩበት ምክንያት አልነበረዎትም። እሷ ሜሪላንድ ላይ ከምሽቱ አራት ሰዓት ጋደም ስትል ሐዋሳ ላይ እንደ ወቅቱ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ወይም ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነውና፣ እርስዎ ፊትዎን ታጥበው ቁርስ ሊያሰናዱ በሚነሱበት ሰዓት ደህና እደሪ የሚል ሰው ይመጣል ብሎ ማን ይጠብቃል? ለወደፊቱ መለያው ይህ ይሁንልዎ፦ «ግን» ሐሳብን ከሐሳብ የሚያያይዝ ቃል ስለሆነ ከኋላው የሚከተል ነገር አያጣም፤ ሁለቱን ፊደላት በመልእክት መጨረሻ ላይ ብቻቸውን ካገኟቸውና ልጅዎ ከዚያ በኋላ ድምጿን ካጠፋች ተኝታለች ማለት ነው።

የራስ ቅሉም ነገር ሲታይ ያስደነግጥ እንጂ ትርጉሙ ከእኛው አነጋገር የራቀ አይደለም። የዛሬ ወጣቶች የራስ ቅል ወይም የሬሳ ሣጥን ኢሞጂ የሚልኩት እጅግ ሲስቁ ነው። እኛስ «በሳቅ ገደልከኝ»፣ «በሳቅ ሞትን» እንል የለም? እርስዎ ራስዎ ለጎረቤት ስለ አንድ ቀልደኛ ሲያወሩ «በሳቅ ገደለን» ብለው ያውቁ ይሆናል፤ የሰማዎት ሰውም ሬሳ የት አለ ብሎ አልጠየቀዎትም። ልጅዎ ያደረገችው «በሳቅ» የሚለውን ትታ «ሞትኩ» የሚለውን ብቻ መጻፍ ነው፤ ያውም በሥዕል አጅባ። ነገሩ እንዴት እንደሄደ መገመት ይቻላል። ከእንቅልፏ ስትነሳ ስልኳን ከፈተች፣ «ግን ምን?» የሚለውን ጥያቄዎንና ያልተነሱ ጥሪዎችዎን ተደርድረው አገኘች፣ ምን መስሎዎት እንደዋሉ ገባት፣ ከዚያም ሳቀች። ይቅር ይበሉኝና እኔም ደብዳቤዎን ሳነብ ፈገግ ማለቴ አልቀረም። እሷ የሳቀችው በእርስዎ ጭንቀት ሳይሆን በሁለቱ ፊደላት መምታታት ነው፤ ሆኖም ግማሽ ቀን ምሳ ሳይበላ የጠበቀን ወላጅ አስቀድሞ «አይዞሽ እማዬ፣ ደህና ነኝ» ብሎ አረጋግቶ ሳቁን ለጥቆ መላክ ይገባ እንደነበር አያከራክርም።

ስለ «ኬ» የተሰማዎት ቅሬታ ግን መሠረት የለውም አልልም። ፊደሏ «ኦኬ» ከሚለው የተረፈች ናት፤ ከአጫጭር መልሶች ሁሉ ወጣቶቹ ራሳቸው እንደ ቁጣ ወይም እንደ መሰልቸት የሚቆጥሯትም እሷን ነው። ጓደኛዋ እንዲህ ብላ ብትመልስላት ልጅዎም «ምን አደረግኳት?» ማለቷ አይቀርም። ስለዚህ በዚህ በኩል ለእሷ ጥብቅና አልቆምም። ብቻ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ረጅሙ ምክር የደረሳት እዚያ በማለዳ፣ ምናልባትም ወደ ሥራ ለመሄድ በምትጣደፍበት ሰዓት ነው። መኮረፏም ሊሆን ይችላል፣ አንድ እጇ የመኪና ቁልፍ ይዞ መሆኑም ሊሆን ይችላል። ከአንዲት ፊደል ይህን ለይቶ ማወቅ ለማንም አይቻልም፤ ለዚህም ነው በፊደሏ ላይ ብዙ ትርጉም ባይጭኑባት ደስ የሚለኝ።

«ማዘር» ከስልክም ከአሜሪካም የመጣ ጉዳይ አይደለም። የአዲስ አበባ ልጆች «ፋዘር»፣ «ማዘር» ማለት ከጀመሩ ብዙ ዘመን ሆኗል። «ጀለስ» ለጓደኛ፣ «ነቄ» ለገባው ሰው፣ «ፋራ» ላልዘመነው፣ «ሙድ መያዝ» ለማሾፍ ከሚውሉበት ከዚያው የአራዳ ሰፈር የወጣ ነው። ቃሉ የማቅረብ እንጂ የማራቅ ስሜት የለውም። ካልወደዱት «እማዬ በይኝ» ማለት መብትዎ ነው፤ እንዲያውም ይህን ያህል በግልጽ ቢነግሯት ደስ ሳይላት አይቀርም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ፤ ልከልክላት ወይስ ልማረው ብለዋል። ከሁለቱ በፊት ግን ልጆቻችን ይህን አጻጻፍ ከየት አገኙት የሚለውን ማየት ይጠቅማል፤ ብዙ ሰው ስንፍና ነው ብሎ በአንድ ቃል ይዘጋዋልና፣ እኔ በዚህ አልስማማም።

የሞባይል ስልክ አገራችን ውስጥ መስፋፋት በጀመረበት ጊዜ ሰው እጅ የነበሩት ስልኮች አብዛኞቹ የግዕዝን ፊደል አያውቁም ነበር፤ አማርኛ መጻፍ የፈለገ ሰው በላቲን ፊደል ከመጻፍ በቀር ምርጫ አልነበረውም። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ እስከ ተራው ሰው ስልክ ድረስ ለመውረድ ደግሞ ሌላ ብዙ ዓመት ፈጅቷል። ከወረደም በኋላ ቢሆን ሒሳቡ ለአማርኛ የሚያደላ አልነበረም። አንድ የጽሑፍ መልእክት፣ ማለትም ኤስኤምኤስ፣ በላቲን ፊደል ሲጻፍ 160 ፊደላት ይይዛል፤ ከመካከሉ አንዲት «ሀ» ወይም አንዲት «ለ» ከገባችበት ግን የመልእክቱ ሁሉ አቅም ወደ 70 ይወርዳል፤ ስልኩ ለእያንዳንዱ ፊደል የሚመድበው ቦታ ከሰባት ቢት (ቢት ትንሿ የመረጃ መለኪያ ናት) ወደ አሥራ ስድስት ቢት ስለሚያድግ ነው። እርግጥ የእኛ አንድ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም አጣምሮ ስለሚይዝ ብዙ ይናገራል፤ ቢሆንም መልእክቱ ከ70 ካለፈ እንደ ሁለት ይቆጠርና የሁለት ይከፈልበታል። ሳንቲሙን የሚቆጥር ተማሪ ምን ያደርጋል? በላቲን ይጽፋል፤ በላቲንም ሲጽፍ አናባቢዎቹን እየነቀለ ይጥላል። «ሰላም» ሦስት ተነባቢ ብቻ ሆኖ የቀረው፣ «ነው» ሁለት ፊደል የሆነው በዚህ መንገድ ነው። ዛሬ በቴሌግራም ስንጻጻፍ ፊደል የሚቆጥርብን የለም፤ ስልኮቹም አማርኛን ያለ ችግር ይጽፋሉ። ምክንያቱ ሄደ፣ ልማዱ ግን በጣት ላይ ቀረ።

ልማዱ ጉዳት የለውም ማለቴ አይደለም። የላቲን ፊደል አማርኛን ሲይዝ ብዙ ነገር ያፈስሳል። «ጠ»ና «ተ» አንድ ይሆኑበታል፤ ስለዚህ «አባቴ መጣ» እና «አባቴ መታ» አንድ ዓይነት ሆነው ይጻፋሉ፤ ለእናት የትኛው እንደተጻፈላት ማወቅ ቀላል ነገር አይደለም። «ሠራ» እና «ሴራ»ም እንዲሁ ይገናኛሉ። ከሁሉ የሚያስቀኝ የበዓል ሰሞኑ ነው፦ በላቲን ፊደል የሚላከው «መልካም በዓል» አብዛኛውን ጊዜ እንደ ንግግራችን ያጥርና «መልካም ባል» ሆኖ ይደርሳል፤ ላገባችውም ላላገባችውም፣ ለአባወራውም ሳይቀር። እንዲህ ያለውን መልእክት ሲያገኙ በዓይን ብቻ አያንብቡት፤ ድምፅዎን አውጥተው ያንብቡት። ተነባቢዎቹን በየተራ ሲጠሯቸው አፍዎ አናባቢውን ከልማድ ያመጣዋል፤ አማርኛ ከሆነ ወዲያው ይገለጥልዎታል። ሁለት ሦስት ጊዜ ጠርተውት አማርኛ አልወጣ ካለ ያን ጊዜ እንግሊዝኛ ነው ብለው ይጠርጥሩ። እንግሊዝኛዎቹ ደግሞ ብዙ ዓይነት ይምሰሉ እንጂ ዕለት ተዕለት የሚመላለሱት ጥቂት ናቸው። «ቲ ኤን ኤክስ» አመሰግናለሁ ነው። «ኤች ቢ ዲ» እንኳን ለልደትህ አደረሰህ ነው። «አይ ዲ ኬ» አላውቅም፣ «ቢ አር ቢ» አንዴ ቆዪኝ መጣሁ፣ «ቲ ቲ ዋይ ኤል» ደግሞ ኋላ እናወራለን ማለት ነው። የመጨረሻዋን ልብ ብለው ይያዟት፤ ልጅዎ ከሥራ ሰዓት ላይ ሆና ይህን ከጻፈች ዘጋችብኝ ብለው እንዳያዝኑ።

እንግዲህ እርስዎ በምህጻረ ቃል እንግዳ አይደሉም። በመሥሪያ ቤትዎ ስንት ሺህ ጊዜ «መ/ቤት»፣ «ክ/ከተማ»፣ «ት/ቤት»፣ «ፍ/ቤት»፣ «ወ/ሮ» ብለው ጽፈዋል? «ዓ.ም.» ብለው ቀን ሲጽፉ «ዓመተ ምሕረት» ብሎ የጨረሰው አንባቢው እንጂ እርስዎ አይደሉም። «ወዘተ» የምንለውም «ወዘተርፈ» ከሚለው ግዕዝ ተቆርጦ የቀረ ነው፤ ማንም አሳጠሩት ብሎ አልከሰሰንም። የእንግሊዝኛዎቹም ቢሆኑ ሁሉም ትናንት የተወለዱ አይደሉም። ወጣቶች ሲደነቁ የሚጽፉት «ኦ ኤም ጂ» የእንግሊዝ ባሕር ኃይል አዛዥ የነበሩት አድሚራል ጆን ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1917 ለዊንስተን ቸርችል በጻፉት ደብዳቤ ላይ ይገኛል። የሚገርመኝ ግን ዕድሜው አይደለም። አድሚራሉ ሦስቱን ፊደላት ጽፈው ዝም አላሉም፤ ወዲያው አጠገባቸው በቅንፍ «አምላኬ ሆይ!» የሚለውን ሙሉ ቃል ጻፉ። ቸርችል ይህን ምህጻር አያውቁት ይሆናል ብለው ያሰቡ ይመስላል።

በእኔ አስተያየት ልጅዎ የጎደላት ይህች ቅንፍ ናት። ማሳጠር ሁለት ሰዎች አስቀድመው የተስማሙበት ነገር ነው፤ እርስዎና የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ «መ/ቤት» ምን እንደሆነ ስለተስማማችሁ ሥራው ተቀላጠፈ፤ ያልተስማማ ሰው ፊት ሲቀርብ ግን ያው ጽሑፍ እንቆቅልሽ ነው። ልጅዎ ከእኩዮቿ ጋር ስምምነት አላት፤ ከእርስዎ ጋር ግን የላትም፣ ወይም ያላት በወንድሟ በኩል የተላለፈ ግማሽ ስምምነት ነው። ስለዚህ መከልከሉ አይሆንም። በሩቅ ያለችን፣ ራሷን የቻለችን ሴት ልጅ አጻጻፍ መከልከልም አይቻልም፤ ቢቻል እንኳ የሚቀንሰው ምህጻሩን ሳይሆን መልእክቱን ነው። ጠንቃቃ ሆና ከምትጽፍልዎ አንድ ረጅም መልእክት ይልቅ በአውቶቡስ ላይ ቆማ የምትወረውርልዎ አሥር ቁርጥራጭ ስለ ኑሮዋ የበለጠ ይነግርዎታል። መስማማት ግን ይቻላል። «ለእኔ ስትጽፊ ‹ደህና እደሪ›ንና የጤናሽን ነገር አሟልተሽ ጻፊ፤ ሌላውን እንደፈለግሽ አሳጥሪ፣ ያልገባኝን እጠይቅሻለሁ» ብለው ይንገሯት። ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ አይከብዳትም።

መጠየቁንም እንደ ውርደት አይቁጠሩት። «ይህች ምንድን ናት?» ብለው ሲጠይቋት የሚያስረዳ ሰው ሆና ደስ ይላታል። ወንድሟን ብቻ መጠየቅ ግን አይበቃም፤ እሱ የሚያውቀው የሐዋሳ እኩዮቹን አጻጻፍ ነው፣ እሷ ያለችበት አገር ወጣቶች ልማድ ደግሞ ሌላ ነው፤ «ጂ ኤን» ላይ የተሰናከላችሁትም በዚህ ነው።

ታዲያ የእርስዎም አጻጻፍ በልጅዎ ዘንድ እንደሚነበብ አይርሱ፤ ሁልጊዜም እርስዎ እንዳሰቡት አይነበብም። እርስዎ በታይፕራይተር የሠለጠኑ ስለሆኑ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በአራት ነጥብ ሳይዘጉ እንደማያልፉ እገምታለሁ፤ ደብዳቤዎም ይህንኑ ይመሰክራል። በአሜሪካ የቢንግሃምተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ ባደረጉት ጥናት ተማሪዎችን የተለያዩ የስልክ መልእክቶች አስነብበው ነበር፤ እንደ «እሺ» ያለ የአንድ ቃል መልስ በነጥብ ተዘግቶ ሲመጣ፣ ያለ ነጥብ ከመጣው ይልቅ ከልብ ያልመነጨ ሆኖ ታያቸው። ያው መልስ በእጅ ተጽፎ በወረቀት ሲቀርብ ግን ነጥቡ ምንም ልዩነት አላመጣም። በስልክ መልእክት አዲስ መስመር መጀመር ወይም «ላክ» የሚለውን መጫን ራሱ ዓረፍተ ነገሩን ስለሚዘጋው፣ በላዩ ላይ የተጨመረው ነጥብ ለወጣት አንባቢ «በቃ፣ ጨርሻለሁ» የሚል ቃና ይሰጠዋል። ነጥብዎን ይተዉ አልልም፤ እኔም አልተውኩም። ነገር ግን ልጅዎ «ምነው ተቆጣሽ?» ብላ ከመሬት ተነስታ ብትጠይቅዎ ምክንያቱ «እሺ።» ብለው መጻፍዎ ሊሆን እንደሚችል ይወቁት። በላቲን ፊደል ሲጽፉ ደግሞ ሁሉንም በትልልቁ ፊደል አይጻፉ፤ እንደ ጩኸት ይቆጠራል።

ልማረው ወይ ላሉት፣ ለማንበብ ያህል ይማሩት እንጂ ለመጻፍ አይጨነቁ። የወጣት አነጋገር በአዋቂ እጅ ሲገባ ብዙ ጊዜ አያምርም፤ ልጆቹም ይሳቀቃሉ። ከማሳፈርም አልፎ ሊያሳስት ይችላል። «ኤል ኦ ኤል» የሚለውን ሳቅ መግለጫ የአንድ ታላቅ አገር መሪ ሳይቀር አልተረዱትም ነበር፦ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ዴቪድ ካሜሮን ምህጻሩ «ከብዙ ፍቅር ጋር» ማለት መስሏቸው በመልእክታቸው መጨረሻ ያሰፍሩት እንደነበር ርብቃ ብሩክስ የተባለችው የጋዜጣ ኃላፊ እ.ኤ.አ. በ2012 በመርማሪ ጉባኤ ፊት ተናግራለች፤ ትርጉሙ ሲነገራቸውም መጠቀም አቁመዋል። እስቲ ይህችው ምህጻር በሐዘን መልእክት መጨረሻ ላይ ብትገባ ምን እንደምታስከትል ያስቡት። ሐዘንን ካነሳን ዘንድ፣ በእኛ የቤተሰብ ግሩፖች ውስጥ «አር አይ ፒ» የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላት በአንድ ሰው ሞት ሥር ሲደረደሩ ማየት እኔን ደስ አይለኝም። «ነፍስ ይማር» ሁለት ቃል ነው። ለልደት «ኤች ቢ ዲ» ይበቃ ይሆናል፤ ለለቅሶ ግን አይበቃም። እዚህ ላይ ከወጣቶቹ ጋር አልደራደርም።

እርስዎ አማርኛውን በፊደሉ መጻፍዎን ይቀጥሉ። ጂቦርድ የሚባለው የስልክ መጻፊያ ገበታ አማርኛን ስለሚያካትት ትንሹ ልጅዎ በደቂቃዎች ውስጥ ሊከፍትልዎ ይችላል፤ ልጅዎም በፊደል የተጻፈውን ለማንበብ ምንም አይቸግራትም። ምናልባት ቀስ በቀስ እሷም በፊደል ትመልስልዎ ይሆናል፤ አትመልስም ይሆናል፤ አይጠብቁት።

ከቃናና ከትርጉም በላይ የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ግን አለ። ሰው አሟልቶ ሲጽፍ አጻጻፉ ያስታውቃል፤ ልጅዎ የምትወዳቸው ቃላት፣ ሰላምታዋ፣ የምትሳሳትባቸው ፊደላት ሳይቀሩ ማንነቷን ይናገራሉ። በቁርጥራጭ ሲጻፍ ግን የሁሉም ሰው ጽሑፍ አንድ ዓይነት ይሆናል፤ አጭበርባሪም ይህን ይጠቀምበታል። «ማዘር፣ ስልኬ ተበላሽቶ በሰው ስልክ ነኝ፣ ኮድ ይመጣልሻል ቶሎ ላኪልኝ» የሚል አጭር መልእክት በልጅዎ ስምና ፎቶ ቢደርስዎ በምን ይለዩታል? ኮዱ ባለ አምስት አኃዝ የቴሌግራም መግቢያ ቁጥር ነው፤ የላኩለት ሰው የእርስዎን አካውንት በራሱ ስልክ ላይ ከፍቶ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ በእርስዎ ስም ገንዘብ ሲለምን ያመሻል። ስለዚህ ከዚህ ቁጥር ጋር በተያያዘ ሕጉ አንድ ነው፦ ለማንም፣ ለልጅዎም ቢሆን፣ አይላክም፤ ልጅዎ የእርስዎ ኮድ የሚያስፈልጋት ምንም ምክንያት የለም። የቴሌብር ምስጢር ቁጥርም እንዲሁ። ገንዘብ የሚጠይቅ መልእክት ሲመጣ ደውለው ድምጿን ይስሙ፤ መደወል ካልተቻለ ድምፅ ቀድታ ትላክልዎ፤ እሱም ካልሆነ ቤተሰብ ብቻ የሚያውቀውን ነገር ይጠይቋት። ትንሹ ልጅዎ ደግሞ በቴሌግራም ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚባለውን ተጨማሪ የይለፍ ቃል ያስገባልዎ፤ ኮዱ ቢያመልጥ እንኳ ያን ጊዜ በሩ አይከፈትም።

ስለ ትንሹ ልጅዎ ደብተር ደግሞ መምህሩ ልክ ናቸው፤ ማስመር ሥራቸው ነው። ቢሆንም ልጁ እንግሊዝኛው ሊበላሽበት ነው ብለው አይፍሩ። በእንግሊዝ የኮቨንትሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ10 እስከ 12 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ በስልክ መልእክት ምህጻሮችን የሚያበዙት ልጆች በቃላት ንባብ የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል፤ ማሳጠር የፊደልንና የድምፅን ዝምድና ማወቅ ይጠይቃልና። ልጅዎ የሚጎድለው እውቀት ሳይሆን ቦታ መለየት ነው። ለጓደኛው «ዩ» ይበል፤ ለመምህሩ ሦስቱንም ፊደል ይጻፍ። ለአንድ ወር ያህል የቤት ሥራውን ከማስረከቡ በፊት እርስዎ አንድ ጊዜ ይዩለት፤ የታይፒስት ዓይን ካለዎት ይህ ለእርስዎ ምንም አይደለም።

ከልጅዎ ጋር ለመታረቅ ደግሞ ረጅም ደብዳቤ አያስፈልግም፤ ባለፈው ረጅሙ አልጠቀመም። ይህን የመሰለ ቢልኩላት በቂ ነው፦ «እማዬ ነኝ። ‹ጂ ኤን› ደህና እደሪ መሆኑን ዛሬ አወቅሁ፤ የራስ ቅሉም ሳቅ መሆኑ ገባኝ። ያን ቀን ግን በጣም ደንግጬ ነበር። ስለ ጤናሽ ስትጽፊልኝ አታሳጥሪብኝ፤ ሌላው እንደወደድሽ። ጉንፋኑ ለቀቀሽ?» ሕመሙ ሌላ ከሆነ የመጨረሻውን ቃል ያስተካክሉት። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ቢልኩት እሷ ዘንድ ገና ከሰዓት በኋላ መጀመሪያ ስለሆነ በምሳ ዕረፍቷ አካባቢ ይደርሳታል፤ ከተመቻትም በድምፅ ትደውላለች።